«ኢንሱሊን ያወፍራል» ለሚለው አመለካከት የቀረበ ምላሽ

በስኳር ክትትል ክፍል ደጃፍ ተራ የሚጠብቁ ሕሙማን እርስ በርስ ከሚመካከሩባቸው ጉዳዮች አንዱ ኢንሱሊንና ውፍረት ነው። «መርፌው ያወፍራል፤ በኪኒኑ ብትቆዪ ይሻልሻል፤ ከጀመርሽም ዩኒቱን ቀነስ አድርጊው» ይባላል። ሐሳቡ የሕሙማን ብቻ አይደለም። ኢንሱሊን ክብደት ይጨምራል በሚል ምክንያት መርፌ የሚጀመርበትን ቀን ከቀጠሮ ወደ ቀጠሮ የሚገፉ ባለሙያዎችም አሉ። ክብደት መጨመሩን አልክድም። የምቃወመው ከዚያ ተነስቶ የሚደረስበትን ድምዳሜ ነው፤ ክብደትን ለመግታት ኢንሱሊንን መቀነስ ወይም ማዘግየት ይገባል የሚለውን። እውነቱ የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ክብደት ሲቀንስ የኢንሱሊን ፍላጎት ይቀንሳል፣ ኢንሱሊን በመንፈግ ግን ጤናማ ክብደት አይገኝም።

የአመለካከቱ ደጋፊዎች በእጃቸው ጠንካራ ማስረጃ አለ። በዩናይትድ ኪንግደም በዓይነት 2 የስኳር ሕሙማን ላይ የተካሄደውና ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው ትልቅ ጥናት ኢንሱሊን የተሰጣቸው ሰዎች በ10 ዓመት ውስጥ በተለመደው ሕክምና ከቆዩት 4 ኪሎ ያህል ብልጫ መጨመራቸውን አሳይቷል። በአሜሪካና በካናዳ 1,441 የዓይነት 1 ሕሙማንን ይዞ እ.ኤ.አ. በ1993 ውጤቱን ያሳወቀው ጥናትም ስኳራቸውን በጥብቅ የተቆጣጠሩት በአምስት ዓመት ከሌሎቹ 4.6 ኪሎ ብልጫ እንዳመጡ መዝግቧል። ቁጥሮቹ ትክክል ናቸው። ይሁንና እነዚሁ ጥናቶች ሌላም ነገር ይናገራሉ። በመጀመሪያው ጥናት በጥብቅ ቁጥጥር ሥር የነበሩት ሕሙማን በዓይን፣ በኩላሊትና በመሳሰሉት ጥቃቅን የደም ሥሮች ላይ የሚደርሰው ጉዳት በ25 በመቶ ቀንሶላቸዋል። በሁለተኛው፣ ገና ዓይናቸው ባልተነካ ሕሙማን ላይ የዓይን ጉዳት የመጀመር ዕድል በ76 በመቶ ወርዷል። አራት ኪሎውን እያነሱ የተረፈውን ዓይን አለማንሳት ማስረጃውን በግማሽ ማንበብ ነው።

ከዚህ የሚከብደው ስሕተት ግን የመነሻ ክብደቱ ላይ ያለው ነው። አንዲት ሕመምተኛ «መርፌ ከመጀመሬ በፊት 52 ኪሎ ነበርኩ፣ አሁን 58 ሆንኩ» ስትል 52 ኪሎው እንደ ትክክለኛ ክብደቷ ተቆጥሯል። ያ ክብደት ግን የበሽታው ሥራ ነው። የደም ስኳር በዴሲሊትር ከ180 ሚሊግራም ገደማ ሲያልፍ ኩላሊት ሁሉንም መልሶ መያዝ አይችልም፤ ትርፉ በሽንት ይወጣል። በቀን 100 ግራም ስኳር በሽንቱ የሚወጣበት ሰው 400 ካሎሪ ገደማ ይጥላል ማለት ነው። ይበላል፣ ይጠማዋል፣ ግን ይከሳል። ኢንሱሊን ሲጎድል ሰውነት ስቡን ብቻ ሳይሆን ጡንቻውንም እያፈረሰ ያነዳል። መርፌው ሲጀመር ይህ መፍሰስ ይቆማል፤ የፈረሰው ይጠገናል፤ የደረቀው አካል ውሃውን ይይዛል። በመጀመሪያዎቹ ወራት የሚታየው ጭማሪ ብዙውን ጊዜ የተወሰደ ክብደት መመለስ ነው። መለኪያው ጥማቱና ሽንቱ ከመጀመራቸው በፊት የነበረው ክብደት መሆን አለበት።

ይህን በኢንሱሊን ታሪክ መጀመሪያ ላይ የነበሩ ሰዎች አሳምረው ያውቁት ነበር። መድኃኒቱ ከመገኘቱ በፊት በአሜሪካ የነበረው ዋና ሕክምና የሐኪሙ ፍሬድሪክ አለን የረሃብ አመጋገብ ነበር። በዚህ አመጋገብ በሕይወት የቆየችው ኤሊዛቤት ሂዩዝ እ.ኤ.አ. በ1922 ከኢንሱሊን አግኚዎች አንዱ በሆነው በባንቲንግ ለመታከም ቶሮንቶ ስትደርስ ዕድሜዋ 15 ሊሞላ ጥቂት ቀርቶት ነበር፤ ክብደቷ ግን 20 ኪሎ ገደማ ብቻ ነበር። ኢንሱሊን ተሰጣት፣ ወፈረች፣ እስከ 1981 ኖረች። በዚያ ዘመን ወላጆችና ሐኪሞች መርፌው መሥራቱን ልጆቹ ሲወፍሩ በማየትም ያውቁ ነበር። የመዳን ምልክት የነበረው ነገር ዛሬ ክስ ሆኖ መቅረቡ ያሳዝነኛል።

የጠፋው ከተመለሰ በኋላም ክብደቱ መውጣቱን ከቀጠለስ? እዚህ ላይ ቅሬታው መሠረት አለው፤ ምክንያቱ ግን ብዙ ጊዜ በደንብ አይመረመርም። አንዱ ምክንያት የስኳር መውረድ ነው። ኤንፒኤች የሚባለው ኢንሱሊን ጠዋት 1 ሰዓት ከተወጋ ጉልበቱ የሚበረታው በግምት ከረፋዱ 5 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። ሰውየው ምሳ ከዘለለ፣ ወይም ከቅዳሴ በኋላ እስከ 9 ሰዓት ከጾመ፣ ስኳሩ ይወርዳል፤ ላብ ላብ ይለዋል፣ ይንቀጠቀጣል። የመውረዱን ፍርሃት አንዴ ያየ ሰው ደግሞ ያገኘውን ሁሉ ይበላል። ለማስተካከል ከ15 እስከ 20 ግራም ስኳር ይበቃው ነበር፤ እሱ ግን 30 ግራም ገደማ የያዘውን አንድ ጠርሙስ ለስላሳ ይጨርስና ዳቦ ይጨምርበታል። ማታ ስኳሩ ከፍ ብሎ ሲገኝ ዩኒቱ ይጨመራል፤ በማግስቱ ደግሞ ይወርዳል። ያወፈረው ከምግብ ሰዓቱ ጋር ያልተጣጣመ መድኃኒትና እሱን ለማሳደድ የሚበላው ምግብ ነው። እንዲህ ባለ ሁኔታ መጠኑ መቀነስ ሊኖርበት ይችላል፤ ምክንያት ያልተገኘለት መውረድ ሲደጋገም ሐኪሞች ከ10 እስከ 20 በመቶ ይቀንሳሉ። ይህ ግን የስኳር መዝገብ ታይቶ ከሐኪም ጋር የሚወሰን እርማት ነው፤ ለቅጥነት ሲባል በቤት ከሚደረግ ቅነሳ ጋር አንድ አይደለም። አንድ ቦታ ላይ ደጋግሞ መውጋትም መታየት አለበት፤ ያበጠው ቆዳ መድኃኒቱን አንድ ቀን አፍኖ ሌላ ቀን ይለቀዋልና።

ለቅጥነት ብሎ መርፌ መዝለል የሚያስከፍለው ዋጋ ተለክቷል። በአሜሪካ 234 የዓይነት 1 ሕመምተኛ ሴቶችን ለ11 ዓመት ተከታትሎ እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ ጥናት፣ ኢንሱሊናቸውን ይቀንሱ የነበሩት ሴቶች የመሞት ዕድል ከሌሎቹ ከሦስት እጥፍ በላይ እንደነበር አሳይቷል። ክብደቱ በእርግጥ ይቀንሳል፤ የሚቀንሰው ግን ወደ ኬቶን መመረዝ (ስብ ሲፈርስ በሚመነጭ አሲድ ደም መመረዝ) በሚወስደው በዚያው መንገድ ነው።

ዓይነት 2 ኖሮባቸው ከመጠን በላይ ለወፈሩ ሰዎች ነገሩ እንደሚለይ እቀበላለሁ። በሆድ ዕቃና በጉበት የተከማቸ ስብ ሰውነት ለኢንሱሊን የሚሰጠውን ምላሽ ያደነዝዛል፤ ፍላጎቱ ያድጋል፣ ዩኒቱ ይከተላል። በብሪታንያ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2017 በወጣው ጥናት በአመጋገብ ብቻ 15 ኪሎና ከዚያ በላይ ከቀነሱት ሰዎች 86 በመቶው ያለ መድኃኒት ስኳራቸው ተስተካክሏል። ተሳታፊዎቹ በሽታው ከታወቀባቸው ስድስት ዓመት ያልሞላቸውና ኢንሱሊን የማይወጉ ነበሩ፤ ስለዚህ ውጤቱን ለሁሉም መስጠት አይቻልም። ቅደም ተከተሉን ግን ያሳያል፦ መጀመሪያ ክብደቱ ቀነሰ፣ ከዚያ ስኳሩ ተስተካከለ። ሜትፎርሚን የሚባለው ኪኒን ከኢንሱሊኑ ጋር ሲቀጥልም የሚያስፈልገው ዩኒትና የክብደት ጭማሪው ያንሳሉ።

አመለካከቱን ወደ አገራችን ስናመጣው ደግሞ ሌላ ጉዳት አለው። ሽታዬ ዓለሙና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2009 ያሳተሙት ጥናት በገጠር ኢትዮጵያ ኢንሱሊን የሚያስፈልጋቸው ሕሙማን አብዛኞቹ ወጣት፣ ድሃና ከሲታ መሆናቸውን አመልክቶ፣ ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘው የስኳር ሕመም ጉዳይ እንደገና እንዲታይ ጠይቋል። የዓለም ጤና ድርጅት ይህን ዓይነት እ.ኤ.አ. በ1985 ተቀብሎ በ1999 ከዝርዝሩ አውጥቶት ነበር። ዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን በ2025 ባንኮክ ላይ ዓይነት 5 ብሎ ዕውቅና ሰጥቶታል። እንዲህ ላለው ከሲታ የገጠር ገበሬ «እንዳትወፍር» የሚል ምክር መስጠት ከሌላ አገር ሰውነት የተቀዳ ሕክምና ነው። እሱ የሚያስፈልገው ክብደት መጨመር ነው፤ የሚፈራለትም ምግብ ባጠረ ወቅት ስኳሩ እንዳይወርድ ነው።

ሐኪሞች ሆይ፣ ኢንሱሊን በምታስጀምሩበት ቀን ሕመምተኛው ከመታመሙ በፊት ስንት ኪሎ እንደነበር ጠይቃችሁ በካርዱ ላይ ጻፉት፤ ጭማሪውንም ከዚያ ቁጥር አንጻር መዝኑት። ኢንሱሊን የምትወጉ ወገኖቼም፣ ክብደታችሁ ካሳሰባችሁ ዩኒቱን ከመንካታችሁ በፊት የምትበሉበትን ሰዓት፣ የምትወጉበትን ቦታና ስኳራችሁ የወረደባቸውን ቀናት ጽፋችሁ ለሐኪማችሁ አሳዩ።