የብሮድካስት ዲግሪ እንጀራ ይሆናል ወይ?



የ12ኛ ክፍል ውጤት በወጣ ቁጥር በየቤቱ የትምህርት ምርጫ ክርክር ይነሣል። ቂሊንጦ የሚኖር አባት የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲን አጥር በየቀኑ እያየ ልጁ መሐንዲስ እንዲሆንለት ይመኛል። ልጁ ግን «የምማረው ብሮድካስትና ዲጂታል ሚዲያ ነው» ይላል። «ይህ እንጀራ ይሆናል ወይ?» የሚለው የአባት ጥያቄ የሚናቅ አይደለም፤ ልጅም በኩርፊያ ሳይሆን በሒሳብ ሊመልሰው ይገባል። እስቲ ሒሳቡን አብረን እንሥራ።

ሙያው ለአካባቢው እንግዳ አይደለም። የሀገራችን የመጀመሪያ ራዲዮ ጣቢያ በ1927 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው እዚሁ አቃቂ ነበር። ያኔ ድምፅን ማሰራጨት የመንግሥት አቅም ይጠይቅ ነበር፤ ዛሬ ስልክ የያዘ ሁሉ ያሰራጫል። ስለዚህ «ማሰራጨት እችላለሁ» የሚል ሰው ብቻውን ደመወዝ የሚያስከፍል ነገር አልያዘም።

በመጀመሪያ ወጪውን እንመልከት። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የተማረ ሰው፣ ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ በሚሠራበት የወጪ መጋራት ሥርዓት መሠረት፣ ሥራ ሲይዝ ከወር ገቢው ቢያንስ 10 በመቶ እየከፈለ ዕዳውን ያወራርዳል። ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ያለው ጀማሪ የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ 11,500 ብር ሆኗል። ከዚህ 1,150 ብሩ ለዕዳው ይሄዳል፤ የሥራ ግብርና ጡረታም ይቀነሳል። በግል ኮሌጅ ግን ክፍያው ከወላጅ ኪስ ነው። በ2015 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ በተሰጠው የመውጫ ፈተና፣ ከመንግሥት ተቋማት ተፈታኞች 62 በመቶ ያህሉ ሲያልፉ፣ ከግል ተቋማት ያለፉት 17 በመቶ ያህሉ ብቻ ነበሩ። አራት ዓመት ከፍሎ ያለ ዲግሪ መቅረትም አለ ማለት ነው።

ሁለተኛው ገቢው ነው። በመንግሥት መገናኛ ብዙኃንና በየመሥሪያ ቤቱ የሕዝብ ግንኙነት ክፍል ደመወዙ መጠነኛ ቢሆንም የተረጋጋ ነው። የግል ጣቢያ ግን የሚኖረው በማስታወቂያ ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ የአልኮል ማስታወቂያን ከራዲዮና ከቴሌቪዥን ሲያግድ ብዙ ጣቢያዎች ዋና ገቢያቸው ተነካ። ሕጉ ለኅብረተሰቡ ጤና የሚበጅ ነው፤ ነገር ግን የጋዜጠኛው ደመወዝ በማን ገንዘብ ላይ እንደቆመ አሳይቶናል። የአየር ሰዓት ገዝቶ ፕሮግራም የሚያዘጋጅ ሰውማ ማስታወቂያ ሲጠፋ ኪሳራው የራሱ ነው።

«ዩቲዩብ አለ» ለምትሉ ወጣቶች፦ ዩቲዩብ ከማስታወቂያ ለማካፈል 1,000 ተከታይና በ12 ወር ውስጥ 4,000 የዕይታ ሰዓት፣ ወይም በ90 ቀን 10 ሚሊዮን የአጭር ቪዲዮ ዕይታ ይጠይቃል። ከረዥም ቪዲዮ ማስታወቂያ ገቢ ለአዘጋጁ 55 በመቶ ይደርሰዋል። ዲግሪ ግን አይጠይቅም። ተመልካች ለማብዛት የሰው ገመና የሚያወጣና የቁማር ማስታወቂያ የሚያሠራ ደግሞ ገንዘቡን ቢያገኝ እንኳ ሐላልነቱን መጠየቅ ይኖርበታል።

ታዲያ መልሱ ምንድን ነው? ወረቀቱ ብቻውን አያዋጣም፤ በውስጡ ያለው የእጅ ሙያ ግን ያዋጣል። ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ ካሜራ፣ ድምፅና ቅንብር የለመደ፣ ከአማርኛ ሌላ ኦሮምኛ፣ ዐረብኛ ወይም እንግሊዝኛ አጣርቶ የሚጽፍ፣ ሲመረቅም የሚያሳየው ሥራ ያለው ተማሪ ከቀጣሪም ከግል ደንበኛም ፊት በድፍረት ይቆማል። ሌላም መንገድ አለ፦ ጣቢያ ያለ ኤሌክትሪክና ሶፍትዌር መሐንዲስ አይሠራም። ጤና ወይም ሕግ ተምሮ የሚዲያን ሥራ በአጭር ሥልጠና የጨመረም ሌላው የማያውቀውን ይዘግባል።

ውድ ወላጆች! ለኮሌጅ ከመክፈላችሁ በፊት እነዚህን ጠይቁ፦ ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን የታደሰ ፈቃድ አለው? ከዚሁ ክፍል ስንቱ የመውጫ ፈተናውን አለፈ? ተማሪው በሳምንት ስንት ሰዓት ስቱዲዮ ይገባል? አምና የተመረቁት የት ናቸው? መልሱ ከተድበሰበሰ ገንዘባችሁን ያዙ። ቁርጥ ያለ መልስ ካገኛችሁና ልጃችሁም ትጋት ካለው ግን አትከልክሉት።

አላህ የተባረከ ሪዝቅ ይወፍቀን። ወላሁ አዕለም።