«ሆዳም» የምንለው ልጅ

ሰቃ ላይ የቡና ብር ሲገባ ሱቅ ደጃፍ ቆማችሁ ታውቃላችሁ? ሕፃኑ ያለቅሳል፣ ብስኩት ይገዛለታል። ደግሞ ያለቅሳል፣ ለስላሳ ይከፈትለታል። ሲወፍር መጀመሪያ «ተመችቶታል» ይባላል፤ ትንሽ ቆይቶ ግን ስሙ «ሆዳም» ይሆናል።

እኔ በዚህ ስም አልስማማም። የልጆች ፀባይ አንድ አይደለም፣ እውነት ነው። አንዱ ቶሎ ይነጫነጫል፣ ሌላው ያየውን ካልበላ አይረጋጋም። እንዲህ ዓይነት ችኩል ልጆች ለውፍረት ይበልጥ እንደሚጋለጡ ውጭ አገር የተሠሩ ጥናቶች ያሳያሉ። ጥናቶቹ ያዩት ሌላም ነገር አለ፦ ክብደታቸው ከፍ ብሎ የተገኘው ነጭናጫ ሆነው ባለቀሱ ቁጥር በምግብ የሚባበሉት ሕፃናት ናቸው። ታዲያ ጥፋቱ የፀባዩ ብቻ ነው? ብስኩቱን ማን ገዛው?

እናቶቻችን ላይ አልፈርድም። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ከ5 ዓመት በታች ካሉት ሕፃናት 38 በመቶው የቀነጨሩ ነበሩ፤ ክብደታቸው ከልክ ያለፈው 1 በመቶ ገደማ ብቻ። እንዲህ ባለ አገር ወፍራም ልጅ ቢያስደስት ምን ይገርማል! ግን መቀንጨር በብስኩትና በለስላሳ አይከላከሉትም።

የሚብሰው የእኛ የታላላቆቹ ነው። ስልክ ላይ ተጥደን፣ ታናሻችን ሲረብሸን ብር ሰጥተን ወደ ሱቅ እንሸኘዋለን። እኔም አድርጌዋለሁ። ባለፈው ግን ሲነጫነጭብኝ «ራበህ እንዴ?» አልኩት።

«አይ፣ ደበረኝ» አለኝ። ኳሱን ይዘን ወጣን።