የብረት ቀረጥና የቤት ደጃፍ

በኻርቱም ከአውሮፕላን ማረፊያው በስተ ምዕራብ ዐማራት የሚባል ሰፈር አለ። መንገዶቹ በቁጥር የሚጠሩ ናቸው፤ ብዙዎቹም ቤቶች የብረት በር ነበራቸው። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ጦርነት በተነሣ ጊዜ ግን ያ ሁሉ ብረት ቤተ ሰቡን ሊያድን አልቻለም። ነዋሪው ሸሸ፤ ቤቱም ተዘረፈ። ከከተማይቱ ከሸሹት መካከል በመተማ በኩል ወደ አገራቸው የገቡ ኢትዮጵያውያን ብዙዎች ናቸው። በመጋቢት 2017 ዓ.ም. የሱዳን ጦር ኻርቱምን መልሶ ከያዘ ወዲህም፤ ወደ ተዘረፈ ቤቱ የሚመለስ ሰው አስቀድሞ የሚያስበው ስለ በርና ስለ ቁልፍ ነው።

ይህን ማንሣታችን ያለ ምክንያት አይደለም። «ብረት የአገር መከታ ነውና ከውጭ በሚገባው ላይ ከባድ ቀረጥ ይጣል» የሚለው አሳብ ዛሬ በዓለም ላይ ገንኗል። አሜሪካ በ1955 ዓ.ም. በወጣው የንግድ ሕጓ መሠረት፤ የአገርን ደኅንነት ምክንያት አድርጋ፤ በመጋቢት 2010 ዓ.ም. ከብዙ አገሮች በሚገባው ብረት ላይ ከመቶ 25፤ በግንቦት 2017 ዓ.ም. ደግሞ ከመቶ 50 ቀረጥ ጥላለች።

አሳቡ ፈጽሞ ከንቱ ነው አንልም። ማቅለጫ የሌለው አገር በክፉ ቀን የሻጩን ፊት ማየት ግድ ይሆንበታል። ዐፄ ቴዎድሮስ በጋፋት የውጭ አገር ባለ እጆችን ሰብስበው ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ያሠሩት ይህን ስለ ተረዱ ነው። ይሁን እንጂ ንጉሡ የተመኙት ጥበቡ በአገር እንዲቀር ነበር እንጂ ደጁ እንዲዘጋ አልነበረም።

በ2010 ዓ.ም. የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስትር ራሳቸው፤ ለሠራዊቱ የሚያስፈልገው ብረት ከአገሪቱ ምርት ከመቶ 3 ያህል ብቻ መሆኑን ገልጠው ነበር። የቀረውን የሚፈልገው ማን ነው? ቤት ሠሪው፤ መኪና ሠሪው፤ የእርሻ መሣሪያ የሚያበጀው ነው። ብረት ከሚያቀልጡት ይልቅ ብረት ገዝተው የሚሠሩት እጅግ ይበዛሉና፤ ለጥቂቶች የተዘረጋው ጥላ የብዙዎችን እንጀራ ሊያሳጣ ይችላል። ወዳጅም ይቀየማል፤ የጦር ቃል ኪዳን ያላት ካናዳ እንኳ በሰኔ 2010 ዓ.ም. በአሜሪካ ዕቃ ላይ የአጸፋ ቀረጥ ጥላለች።

ሱዳንም ከኻርቱም በስተ ደቡብ በጊያድ የብረት ፋብሪካ አቋቁማ ነበር፤ ፋብሪካው ግን የዐማራትን ደጃፍ አልጠበቀም። የአገር ደኅንነት በብረት ብቻ ሳይሆን በሕግና በዜጎች ስምምነት ይጸናልና።

ስለዚህ ቀረጥ የሚጣል በሆነ ጊዜ፤ ለስንት ዓመት እንደ ሆነ፤ በዚያም ጊዜ ፋብሪካው ምን ጥበብ እንደሚያተርፍ አስቀድሞ ይጠየቅ እንላለን። ቀረጥ የሚከፈለው በወደብ ቢመስልም፤ በመጨረሻው የሚወጣው ቆርቆሮና ምስማር ከሚገዛው ቤተ ሰብ መሶብ ነው። የፈረሰ ደጃፉን ሊያቆም ለተመለሰ ሰው የበሩን ዋጋ ማክበድ፤ ደኅንነቱን መጠበቅ ነው ለማለት ይቸግረናል።