አርበኛን ሱፐርሂሮ ማድረግ

በመርሐቤቴዋ ዓለም ከተማም ሆነ በደብረ ብርሃን በካፌና በፀጉር ቤት ግድግዳ ላይ ስፓይደርማን ወይም ባትማን በካንቫስ ታትሞ ቢሰቀል የሚቆጣ ሰው አይጠፋም። እኔ በዚያ አልቆጣም፤ ልጅ የወደደውን ይስቀል። የሚያስቆጣኝ መድኃኒት ተብሎ የመጣው ነው። «የራሳችንን ጀግኖች እንስቀል» እየተባለ ቴዎድሮስ፣ ምኒልክ፣ ጣይቱ ደረታቸው ተነፍቶ፣ ዓይናቸው እሳት እየተፋ፣ ከኋላቸው መብረቅ እየወረደ በኮምፒውተር ተሠርተው ይሸጣሉ። ብዙዎች ይህን አገር መውደድ ይሉታል። እኔ ጀግኖቻችንን ማሳነስ ነው እላለሁ።

የቀድሞ ሠዓሊዎቻችን ዓድዋን ሲሥሉ ሸራውን በሰው ይሞሉት ነበር። ንጉሡና እቴጌይቱ አሉ፤ ከላይ ቅዱስ ጊዮርጊስ በነጭ ፈረሱ አለ። ነገር ግን ነጋሪት መቺው፣ ካህኑ፣ መድፈኛው፣ እግረኛው፣ የወደቀው ሳይቀር አብረው ተሥለዋል። በዚያ የአሣሣል ደንብ ወገን ፊት ለፊት በሁለት ዓይን፣ ጠላት በጎን በአንድ ዓይን ይታያል። ስሙን ማንም የማያውቀው እግረኛና ንጉሠ ነገሥቱ በዚህ እኩል ናቸው! አዲሱ ካንቫስ ያንን ሁሉ ሕዝብ ጠርጎ አንድ ሰው ያስቀራል።

ጥይት የማይበሳው ሱፐርሂሮ፣ ሱፐርማን፣ በአሜሪካ መጀመሪያ የታተመው በ1938 እ.ኤ.አ. ነው። ገና ዓመት ሳይሞላው፣ በሚያዝያ 1931 ዓ.ም.፣ የጣሊያን ጦር እዚሁ አጠገባችን በመንዝ ምድር፣ ዘረት ላይ፣ ዋሻ የገቡትን በተሾመ ሽንቁጥ ይመሩ የነበሩ አርበኞችና ቤተሰቦቻቸውን በሰናፍጭ ጋዝ ፈጀ። እጃቸውን የሰጡትንም ረሸነ። ጣሊያናዊው ተመራማሪ ማቴዎ ዶሚኒዮኒ ዋሻውን በ2006 እ.ኤ.አ. አግኝቶ እስኪጽፍ ድረስ ይህ ግፍ በታሪክ መጻሕፍት ውስጥ ቦታ አልነበረውም ማለት ይቻላል።

እንግዲህ እነዚህን ሰዎች ጥይት የማይበሳቸው አድርገን እንሣላቸው? ጥይት ለማይበሳው ሰው ጦር ሜዳ መቆም ምን ድፍረት ይጠይቃል? ዘረት የገባው ሰው ግን ሊሞት እንደሚችል ያውቅ ነበር። ሚስቱና ልጆቹም አብረውት ነበሩ። የማይሞት ገላ ስንሰጠው ድፍረቱን እንነጥቀዋለን፤ ከጎኑ የሞቱትንም ሁለተኛ እንቀብራለን።

«ወጣቱን የሚስብ ነገር ያስፈልጋል» ለሚሉኝ፣ እውነት ነው፤ ለዚያ ፈጠራ አለ። ኢታን ኮሚክስ በ2018 እ.ኤ.አ. ያወጣው ጀምበር ኢትዮጵያዊ ሱፐርሂሮ ነው፤ ልብ ወለድ ስለሆነ የፈለጉትን ኃይል ቢሰጡት የማንንም መሥዋዕትነት አያስረሳም። እሱን በካንቫስ ያትሙት፤ ደስ ይለኛል።

ለአርበኞቹ ግን ሌላ ሥራ ይገባቸዋል። የመርሐቤቴና የመንዝ ወረዳዎች፣ አዲስ አበባ ያሉ ተወላጆችም ገንዘብ አዋጥተው፣ የቤተ ክርስቲያን አሣሣል የሚያውቁ ሠዓሊዎች ዘረትን በትልቅ ሸራ ላይ እንዲሥሉት ያድርጉ፦ ዋሻውን፣ ጋዙን፣ ተኳሹን፣ ቁስለኛውን፣ ልጅ ያዘለችውን እናት። ሥዕሉ በዓለም ከተማ ተማሪ ሁሉ በሚያየው አዳራሽ ይሰቀል፤ ቅጂውም በካንቫስ እየታተመ ለካፌውና ለፀጉር ቤቱ ይሸጥ።