ለሥራ መኪና የሚስማማ ቶርክ ኮንቨርተር
አውቶማቲክ ካምቢዮ ባለው የጭነት መኪና ቶርክ ኮንቨርተር የፍሪሲዮንን ቦታ ይዞ የሞተሩን ጉልበት በዘይት እንቅስቃሴ ያስተላልፋል። የስቶል ዙር የሚባለው፣ መኪናው በፍሬን ተይዞ ነዳጅ ሲሰጠው ሞተሩ የሚደርስበት የመጨረሻ ዙር ነው። ዙሩ ከፍ ያለ ኮንቨርተር ጉልበቱን ዘግይቶ ለሚያወጣ የቤንዚን ሞተር አነሳሱን ያፈጥናል፤ ከ2000 ዙር በታች ለሚጎለብት የናፍጣ ሞተር ግን ትርፉ መንሸራተትና ሙቀት ነው። ከረሆቮት ሜዳ ተነስቶ 800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ወዳለችው ኢየሩሳሌም በሐምሌ ሙቀት ጭኖ የሚወጣ ሹፌር ይህን ሊንቀው አይገባም፤ የጋለ ዘይት የካምቢዮውን የውስጥ ፍሪሲዮኖች ይጨርሳልና። እንጀራ ለሚበላበት መኪና የፋብሪካው ኮንቨርተር ይሻላል፤ መቀየሩ ግድ ከሆነም ጭማሪው በጥቂት መቶ ዙር ይወሰን፣ ተጨማሪ የዘይት ማቀዝቀዣም አብሮ ይገጠም።