ስለ ሕዝበ ውሳኔና ስለ ጋሞ አገር

ጥር 29 ቀን 2015 ዓ.ም. በአርባ ምንጭና በጋሞ ዞን ሁሉ፤ እንደዚሁም በወላይታ፣ በጎፋ፣ በጌዴኦ፣ በኮንሶና በደቡብ ኦሞ ዞኖች፤ በቡርጂ፣ በአማሮ፣ በደራሼ፣ በባስኬቶና በአሌ ልዩ ወረዳዎች ሕዝቡ ወጥቶ ድምፁን ሰጠ። የተጠየቀውም ነገር አንድ ነበረ፤ ይኸውም ስድስቱ ዞኖችና አምስቱ ልዩ ወረዳዎች ከቀድሞው የደቡብ ክልል ወጥተው በአንድነት አዲስ ክልል ይሁኑ፤ ወይስ በነበሩበት ይቆዩ የሚል ነው። ሕዝቡም ይሁኑ ብሎ መለሰ። በወላይታ ዞን ግን በድምፅ አሰጣጡ የሕግ መጣስ ስለ ተገኘ የምርጫ ቦርድ ውጤቱን ሽሮ ሰኔ 12 ቀን እንደ ገና ድምፅ አሰጠ። ነሐሴ 13 ቀን የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል መመሥረት በአርባ ምንጭ ከተማ ታወጀ።

ይህ ሁሉ የታወቀ ነው። ጥቂት የተመረመረው ግን፤ ቋንቋቸውና ልማዳቸው ልዩ ልዩ የሆነ ሕዝቦች ለአንድ ጥያቄ ድምፃቸውን ሲሰጡ የሚወጣው ድምር የማን ቃል ነው የሚለው ነገር ነው። ድምር ሕዝብን ከሕዝብ አይለይም፤ የብዙው እሺታ የጥቂቱን እምቢታ ይሸፍነዋል። ስለዚህ ሣጥኑ ሳይከፈት ነገሩን በብዙ የሚወስኑት ሁለት ናቸው፤ አንደኛው ጥያቄውን የሚጽፈው ማን እንደ ሆነ፤ ሁለተኛው ለድምፅ የሚጠራው ማን እንደ ሆነ ነው።

በ1993 ዓ.ም. ስልጤ ከጉራጌ የተለየ ሕዝብ መሆኑና አለመሆኑ በተጠየቀ ጊዜ ለመልስ የተጠራው የስልጤ ሕዝብ ራሱ ነበረ። ኅዳር 10 ቀን 2012 ዓ.ም. የሲዳማ ዞን ነዋሪ ስለ ራሱ ተጠየቀ፤ ከመቶ 98 የሚበልጠውም ክልል እንሁን አለ። በእነዚህ ሁለቱ ጠያቂውም ተጠያቂውም አንድ ስለ ነበረ መልሱ ለማንም ግልጽ ሆነ። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 47 የሚያስበውም ይህንኑ ነው፤ የአንዱ ብሔር ምክር ቤት ከሦስት እጅ በሁለት እጅ ድምፅ ጥያቄውን በጽሑፍ ያቀርባል፤ የክልሉ ምክር ቤት በአንድ ዓመት ጊዜ ውስጥ ሕዝበ ውሳኔ ያደራጃል፤ የሚበልጠው ድምፅም ይጸናል።

የ2015ቱ ነገር ከዚህ የተለየ ነው። የወላይታ ዞን ምክር ቤት በ2011 ዓ.ም. ለብቻው ክልል መሆንን ጠይቆ ነበር፤ ሌሎችም ዞኖች እንዲሁ ጠይቀዋል። በኋላ የዞኖቹና የልዩ ወረዳዎቹ ምክር ቤቶች ሐሳባቸውን በጋራ ክልል ላይ አድርገው ለፌዴሬሽን ምክር ቤት አቀረቡ፤ እርሱም ነሐሴ 12 ቀን 2014 ዓ.ም. ሕዝበ ውሳኔ እንዲደረግ ወሰነ። እንግዲህ ለብቻዬ ልሁን የሚል ሰው ጥር 29 ቀን ወደ ጣቢያው ቢሄድ ሐሳቡን የሚያስቀምጥበት ወረቀት አላገኘም። ይህንም ያደረገ ክፋት አይደለም። በአዲሱ ክልል ከ30 የሚበልጡ ብሔረሰቦች ይኖራሉ፤ ለእያንዳንዳቸው ክልል ይቁም ቢባል ሐኪም ቤቱንና መንገዱን የሚችል ግምጃ ቤት ከወዴት ይመጣል? ነገር ግን የምርጫው ጥበት መታወቅ አለበት፤ አለዚያ ሹሙ ሕዝቡ ያላለውን እንዳለ አድርጎ ይቈጥርበታል።

ሳይጠይቁ አንድ ማድረግ ምን እንደሚያስከትል ያው አገር በ1992 ዓ.ም. አይቶታል። በዚያን ጊዜ ሰሜን ኦሞ በሚባለው ዞን ለወላይታ፣ ለጋሞ፣ ለጎፋና ለዳውሮ ልጆች ከአራቱ ንግግር የተቀላቀለ፤ በስማቸው መነሻ ፊደልም ወጋጎዳ የተባለ የመማሪያ ቋንቋ ተዘጋጀ። ንግግሮቹ እጅግ ተቀራራቢ መሆናቸው እውነት ነው፤ ሊቃውንቱም አልተሳሳቱም። ሆኖም ባለቤቱ አልተጠየቀም ነበርና በሶዶ ሁከት ተነሥቶ የሰው ደም ፈሰሰ፤ መጻሕፍቱ ተነሡ፤ ብዙም ሳይቆይ ዞኑ ራሱ ተከፋፈለ። ቀጥሎ የቆመው የጋሞ ጎፋ ዞንም በ2011 ዓ.ም. ጋሞና ጎፋ ተብሎ ለሁለት ተለየ።

የጋሞ ሕዝብ ሣጥን ሳያውቅ በፊት የሚማከርበት ሥርዓት ነበረው፤ ዛሬም ፈጽሞ አልጠፋም። በዶርዜ፣ በጨንቻ፣ በዲታ፣ በቦንኬ ደጋ ደሬ የሚባሉ ብዙ አገሮች አሉ፤ በየደሬውም ዱቡሻ የሚባል የሸንጎ ሜዳ አለ። በዱቡሻ እጅ አይቈጠርም፤ ነገሩ እስኪስማሙበት ድረስ ይመከራል፤ የተቃወመውም ሰው ዳግመኛ ይሰማል። መዘግየቱ አስቸጋሪ ነው፤ በሚቀጥለው ጉባኤ የሚጨረስ ነገር ሲገኝ ዕድል ነው። ነገር ግን ተሸንፎ ወደ ቤቱ የሚሄድ ወገን አይኖርም። በመስከረም 2011 ዓ.ም. በቡራዩ ስለ ሞቱት ወገኖቹ ሊበቀል በአርባ ምንጭ የተነሣውን ወጣት ሽማግሎች እርጥብ ሣር ይዘው ተንበርክከው የመለሱት በዚህ ሥርዓት ኃይል ነው።

የዱቡሻ ጉድለት ደግሞ አለ። በልማድ ሴቶች፤ እንደዚሁም ማና የሚባሉት ሸክላ ሠሪዎችና ደጋላ የሚባሉት ቆዳ ፋቂዎች ከሌላው ጋር እኩል አይቀመጡበትም ነበር። በሣጥኑ ዘንድ ግን የሸክላ ሠሪይቱ ወረቀትና የካዎው ወረቀት አንድ ነው። ሁለቱን አስተያይቶ አንዱን ብቻ ማመስገን ስለዚህ አይቻልም። በግብረ ሐዋርያት ምዕራፍ 6 የግሪክ ቋንቋ የሚናገሩት ወገኖች ባልቴቶቻቸው በዕለቱ ማዕድ ስለ ተረሱ ባንጐራጐሩ ጊዜ ሐዋርያት ጉባኤውን ጠርተው ሰባት ሰዎች አስመረጡ፤ የተረሳውን ወገን አቤቱታ የምርጫው ምክንያት ማድረጋቸውን ካህናት ያስታውሳሉ።

በስዊዘርላንድ የዡራ ሰዎች ከበርን ሊለዩ በፈለጉ ጊዜ መንግሥቱ አንድ ጊዜ ብቻ አልጠየቀም። በ1974 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር አገሩ በሙሉ ተጠየቀ፤ በ1975 የደቡብ አውራጃዎች ለብቻቸው ተጠይቀው ከበርን ጋር ቀሩ፤ ቀጥሎም በድንበሩ ያሉ ቀበሌዎች እያንዳንዳቸው ተጠየቁ፤ በ1978 የስዊስ ሕዝብ ሁሉ ካጸደቀው በኋላ ዡራ በ1979 ቆመች። አካሄዱ ረጅም ነው፤ ጠቡንም ሁሉ አላጠፋም፤ ነገር ግን በትልቁ ድምር ውስጥ የተዋጠው ትንሽ ድምር ለብቻው ተቈጠረ።

በደቡብ ኢትዮጵያ ይህ ሁለተኛው ቈጠራ በሣጥን ሳይሆን በሸንጎ ተፈጸመ። የክልሉ መሥሪያ ቤቶች ለስድስት ከተሞች ተከፋፈሉ፤ አስተዳደሩ በወላይታ ሶዶ፤ ምክር ቤቱ በአርባ ምንጭ ሆነ። አምስቱ ልዩ ወረዳዎች ወደ ዞን ከፍ አሉ፤ የኣሪ ሕዝብም ከደቡብ ኦሞ ተለይቶ የራሱን ዞን አገኘ። ክፍያው ቀላል አይደለም፤ በሶዶና በአርባ ምንጭ መካከል 120 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ አለ፤ ጉዳዩ በሁለቱ ከተሞች የሆነ ባለ ጉዳይ ስንቁንም ጊዜውንም ይከፍላል።

ዘይሴና ጊዲቾ ግን በጋሞ ዞን ውስጥ እንደ ነበሩ ናቸው። ቍጥራቸው ጥቂት ስለ ሆነ በዞኑ ድምር እሺታቸውም እምቢታቸውም ውጤቱን አይለውጠውም። ዘይሴ ስለ አስተዳደሩ ያለውን አቤቱታ የሚያቀርብበት ምክር ቤት በአርባ ምንጭ ይቀመጣል፤ የዘይሴ አገርም ከዚያው ከተማ ወደ ኮንሶ በሚወርደው መንገድ ላይ ነው።