ሲሲ የሚቆጥር ሕግ ጋይንትን አያውቅም

ቲክቶክ ላይ አንድ ዓይነት ቪዲዮ ደጋግሞ ይመጣል። ሃያና ሠላሳ ዓመት ያለፈው ኦዲ ወይም ቢኤምደብሊው፣ በአራቱም ጎማ የሚነዳ፣ ቀለሙ የታደሰ፣ ማርሚታው የሚያጓራ፣ የቦሌን አስፋልት ሰንጥቆ ያልፋል። ከሥሩ የሚነሣው ክርክርም ሁሌ አንድ ነው። አንዱ ወገን «የጀርመን ብረት እኮ ነው! እንዲህ ያለ መኪና ዛሬ አይሠራም» ይላል። ሌላው «አገሩን ያጨሰው ይሄ ቅራቅንቦ ነው፤ መንግሥት ደግ አደረገ» ብሎ ይመልሳል።

ሁለቱም የሚከራከሩት ስለ አስፋልት ነው። አራቱም ጎማ የሚነዳ መኪና ለምን እንደተፈጠረና ማን እንደሚያስፈልገው የሚያነሣ የለም። መልሱ ያለው ከቦሌ ርቆ፣ ከጉና ተራራ ወዲያ፣ በእስቴ፣ በጋይንትና በስማዳ ጭቃ ላይ ነው። የኤክሳይስ ታክስ ሕጉም፣ የነዳጅ መኪና እገዳውም ያን ጭቃ አላዩትም።

ነገሩ ከመኪናው ታሪክ ቢጀመር ይሻላል፤ ምክንያቱም ታሪኩ ራሱ ፍርድ አለው።

እ.ኤ.አ. ከ1976 ወደ 1977 በተሻገረው የብርድ ወቅት የኦዲ መሐንዲሶች ፊንላንድ ውስጥ በበረዶ ላይ መኪና ይፈትኑ ነበር። አብሯቸው ለወታደር የተሠራ ኢልቲስ የሚባል የቮልስዋገን ጂፕ ነበረ። ጉልበቱ 75 ፈረስ ብቻ ነው። ነገር ግን በበረዶው ላይ ብዙ ጉልበት ያላቸው፣ በፊት ጎማ ብቻ የሚነዱ መኪኖች ሲንሸራተቱ ጂፑ ጥሏቸው ይሄድ ነበር። ዮርግ ቤንሲንገር የሚባለው መሐንዲስ ይህን አይቶ «ይህ ነገር ለፈጣን የቤት መኪና ቢሆንስ?» የሚል ሐሳብ ለአለቆቹ አቀረበ። ኦዲ ኳትሮ የተወለደው እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1980 ጄኔቫ ላይ ሲታይ 200 ፈረስ ጉልበት ያለው ባለተርቦ መኪና ሆኖ ነበር። ሰባት ዓመት ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1987፣ ሃኑ ሚኮላ በኦዲ 200 ኳትሮ የጎረቤት ኬንያን ሳፋሪ ራሊ አሸነፈ። በአራቱም ጎማ የሚነዳ መኪና ያን አቧራና ጭቃ ሲያሸንፍ የመጀመሪያው ነበር።

እንግዲህ ዛሬ ቦሌ ላይ የሚያጓራው ፈጣን መኪና አባቱ ዘገምተኛ የጭቃ ጂፕ ነው። ብልሃቱ የተገኘው መንገድ ለሌለበት ቦታ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ግን ብልሃቱ መንገድ ላለው ሰው ጌጥ ሆነ፤ መንገድ ለሌለው ሰው ደግሞ «ቅንጦት» ተብሎ ታክስ ተጫነበት።

ጋይንት የጀርመን ሥራና የኢትዮጵያ መንገድ ሲገናኙ ምን እንደሚሆን ከማንም ቀድሞ ያየ አገር ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ ሴባስቶፖልን ያሠሩት ከጀርመንና ከስዊዘርላንድ በመጡ ሚስዮናውያን የእጅ ባለሙያዎች ነው። ክብደቱ ወደ 7 ቶን ይጠጋል። በ1860 ዓ.ም መጀመሪያ ከደብረ ታቦር አስነሥተው፣ በጋይንት አሳልፈው፣ የጨጨሆን አቀበት አስወጥተው፣ መቅደላ ያደረሱት በመጋቢት ነው። ግማሽ ዓመት ገደማ ፈጀ። በሠረገላ ላይ ተጭኖ በመቶዎች የሚቆጠር ሰው ጎተተው። ከፊቱ ግን መንገድ ይቆረጥ ነበር፤ ንጉሡ ራሳቸው ድንጋይ እያነሡ ከሠራተኛው ጋር ይውሉ ነበር።

ቴዎድሮስ በሌላ በሌላው ይወቀሱ ይሆናል። በዚህ ግን አይታሙም፦ ማሽን ያለ መንገድ ብረት ብቻ መሆኑን ያውቁ ነበር። ከ150 ዓመት በላይ ቆይቶ የመኪና ሕግ የሚያወጣው ቢሮ ይህን የዘነጋው ይመስላል።

ሕጉ ምን ይላል? የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ሲወጣ የመንገደኛ መኪናን በሁለት ሚዛን መዘነው። አንደኛው የሞተር መጠን ነው። አዲስ ሆኖ እስከ 1300 ሲሲ ከሆነ 5 በመቶ፣ ከዚያ በላይ እስከ 1800 ሲሲ 60 በመቶ፣ ከ1800 ሲሲ ካለፈ 100 በመቶ። ሁለተኛው ዕድሜ ነው። ያገለገለ መኪና ዕድሜው በጨመረ ቁጥር ታክሱ ይከምራል፤ ከ7 ዓመት ያለፈና ሞተሩ ትልቅ የሆነው እስከ 500 በመቶ ይደርሳል። በጥር 2016 ደግሞ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንደማይገቡ አስታወቁ። በሩ ለኤሌክትሪክ መኪና ብቻ ተከፈተ።

ምክንያቶቹ ከንቱ አይደሉም። አገሪቱ ለነዳጅ በየዓመቱ በቢሊዮን የሚቆጠር ዶላር ታወጣለች። ሌላው ዓለም የጣለውን መኪና መሰብሰብም ክብር አይደለም። የአዲስ አበባ አየር የታመመ ለመሆኑ ምስክር አያስፈልግም። እስከዚህ ድረስ ሕግ አውጪው እውነት አለው። ስሕተቱ ሚዛኑ ላይ ነው።

የመጀመሪያው የተሰበረ ሚዛን ሲሲ ነው። የነዳጅ ሞተር አየር ይተነፍሳል፤ ከፍታው በጨመረ ቁጥር አየሩ ይሳሳል። ተርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ አሥረኛ ያህል ያጣል። ነፋስ መውጫ ወደ 3,000 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። እዚያ የደረሰ መኪና ከጉልበቱ ሩብ የሚሆነውን ታች ትቶ መጥቷል። ሕጉ በ5 በመቶ የሚወደው 1300 ሲሲ መኪና ጨጨሆ ሥር ሲደርስ የ1000 ሲሲ መኪና ሆኗል፤ አምስት ሰውና ሁለት ኩንታል ጤፍ ጭኖ ያን አቀበት ይውጣው! ጅቡቲ ወደብ ላይ ትርፍ የሚመስለው ሲሲ ደጋ ላይ የጎደለ አየር ማካካሻ ነው።

ከዚህ የባሰው ማመሳሰሉ ነው። ባለ4.2 ሊትር የናፍታ ላንድክሩዘርና ባለ4.2 ሊትር ስፖርት ኦዲ በሲሲ ሚዛን አንድ ናቸው። አንዱ ለፍጥነት የተሠራ ነው። ሌላው ፍጥነት አያውቅም፤ በዝቅተኛው ማርሹ እየዳኸ፣ በባሌስትራው እየተንገጫገጨ፣ ከወንዝ ገብቶ ይወጣል። ለሕጉ ግን ሁለቱም «ከ1800 በላይ» ናቸው።

ሁለተኛው የተሰበረ ሚዛን ዕድሜ ነው። እዚህ ላይ የአሮጌ ጀርመን መኪና ባለቤቶችን መስማት ይጠቅማል፤ አሮጌ መኪና ምን እንደሆነ ከእነርሱ በላይ የሚያውቅ የለምና። በአራቱም ጎማ የሚነዳ ኳትሮ ጎማዎቹ እኩል ካልተበሉ ዲፈረንሻሉን ይበላል፤ አንድ ጎማ ሲፈነዳ አንድ ብቻ ገዝቶ መገላገል የለም። የሞተሩ ቺንጋ በጊዜው ካልተቀየረና ከተበጠሰ ቫልቭና ፒስተን ይጋጫሉ፤ ሞተሩ አበቃለት ማለት ነው። ተርቦው ንጹሕ ዘይት ይጠይቃል። ፋብሪካው ኦክቴኑ ከፍ ያለ ቤንዚን ቢያዝም ማደያው ምርጫ የለውም። የቶዮታ ዕቃ ሶማሌ ተራ እንደ ሽንኩርት ይገኛል፤ የኦዲ ሴንሰር ግን ከዱባይ በሰው እስኪላክ ይጠበቃል።

ይህን ሁሉ ችሎ መኪናውን ያኖረ ሰው ሠላሳ ዓመት የሞላው መኪና ፍሬኑ የሚይዝ፣ ጭሱ የማይታይ ሊሆን እንደሚችል አረጋግጧል። በአንጻሩ አምስት ዓመት ያልሞላው፣ ዘይቱ ተቀይሮ የማያውቅ ሚኒባስ ጥቁር ጭስ እየተፋ ያልፋል። መኪናን የሚያስረጀው አያያዙ ነው። ይህን የሚለይ መሣሪያ መንግሥት አስቀድሞም በእጁ አለው፤ በየዓመቱ የሚደረገው ቴክኒክ ምርመራና ቦሎ ነው። ምርመራው ፍሬንና ጭስ በእውነት ቢለካ ኖሮ የተሠራበትን ዓመት መቁጠር ባላስፈለገ ነበር። ዓመት መቁጠር ግን ቀላል ነው፤ ወረቀት ማየት ብቻ ይበቃል። ለቢሮው የቀለለው ለሕዝቡ ከበደ።

ውጤቱም የታሰበው ተቃራኒ ሆነ። በቦታው የሚተካው ሲወደድ አሮጌው መኪና ጡረታ አልወጣም፤ ይልቁንም ዋጋው ሰማይ ወጣ። በሌላው ዓለም መኪና በተነዳ ቁጥር ይረክሳል፤ በኢትዮጵያ የ1980ዎቹ ኮሮላ እንደ መሬት ዋጋ ይጨምራል። ሕጉ አሮጌን መኪና ሊቀብር ወጥቶ ቅርስ አደረገው። ባለገንዘቡ ታክሱን ከፍሎ የፈለገውን ይነዳል። ታክሱ በሩን የዘጋው አንድ ያገለገለ ፎር ዊል በጋራ ሊገዙ ለሚችሉ የገጠር ነጋዴዎችና ማኅበራት ነው።

«ጊዜው የኤሌክትሪክ ነው» የሚለው መልስ ይመጣል። ይምጣ፤ ጠንካራ መልስ ነው። እንዲያውም ደጋፊዎቹ ከሚሉት በላይ ጠንካራ ነው። ኤሌክትሪክ ሞተር አየር ስለማይተነፍስ ጨጨሆ ላይም ጉልበቱ አይጎድልም። ቁልቁለት ሲወርድ ኃይል መልሶ ያጠራቅማል። የሕዳሴ ግድብ ተመርቋል፤ ናፍታው በዶላር ይገዛል፣ መብራቱ በብር። በመርሕ ደረጃ ለደጋ አገር ከኤሌክትሪክ ፎር ዊል የተሻለ መኪና የለም።

ጥያቄው የገባው የትኛው ነው የሚለው ነው። አዲስ አበባን የሞሉት ቻይና የተሠሩት የቮልስዋገን አይዲ 4 እና አይዲ 6፣ ከነዘመዶቻቸው፣ ብዙዎቹ በሁለት ጎማ ብቻ የሚነዱ ናቸው። ባትሪያቸው ከሆዳቸው ሥር ተነጥፏል፤ ለቀለበት መንገድ የተመቸ ሆድ ለስማዳ ድንጋይ አይመችም። የቻርጅ ጣቢያውም በአብዛኛው ያለው አዲስ አበባና ዙሪያዋ ነው። የጀርመን ስም ያለበት፣ የጀርመን ጂፕ ያስተማረው ብልሃት ግን የሌለበት መኪና ነው ለአገሩ ሁሉ የታዘዘው። ለቦሌ መድኃኒት የሆነውን ለወገዳ ማዘዝ በሽተኛውን ሳያዩ መርፌ መውጋት ነው።

ወገዳ ላይ ያለው ጉዳይ ደግሞ የቪዲዮ ጉዳይ አይደለም። ከወረታ በደብረ ታቦርና በነፋስ መውጫ አልፎ ወልድያ የሚደርሰውን መንገድ ቻይናዎች በደርግ ዘመን ሠርተውታል፤ ሕዝቡ እስከ ዛሬ «የቻይና መንገድ» ይለዋል። ከዚያ ወደ ደቡብ ሲታጠፍ፣ ወደ ዓባይና ወደ በሽሎ ሸለቆ ሲወረድ፣ ነገሩ ሌላ ነው። ክረምት ሲገባ አምቡላንስ የሚደርስበት ቦታ አንድ ቦታ ላይ ያልቃል። ከዚያ ወዲያ ያለው ቃሬዛ ነው። ምጥ የያዛት ሴት በሰው ትከሻ ላይ ሆና መኪና ያለበት ድረስ ትወጣለች። ከነሐሴ 2015 ወዲህ በክልሉ የቀጠለው ግጭት መንገድ በዘጋ ቁጥር ደግሞ ነዳጁም መለዋወጫውም አብሮ ይጠፋል። በእንዲህ ያለ ቦታ አንድ ያረጀ፣ የሚሠራ ፎር ዊል መኖርና አለመኖር የሰዓታት ልዩነት ነው፤ ለምጥ ደግሞ ሰዓት ሕይወት ነው።

የሚደረገው ሩቅ አይደለም።

አንደኛ፣ የቅንጦት ታክስ ቅንጦትን ይፈልግ። መኪናው በዋጋውና በሥራው ይመዘን። አሮጌ ስፖርት ኦዲ ነድቶ መደሰት የፈለገ ታክሱን ይክፈል፣ ደስታውም አይነቀፍበት፤ ለገጠር ወረዳ የሚገባ የሥራ ፎር ዊል ግን በእርሱ ሒሳብ አይጠየቅ።

ሁለተኛ፣ ዕድሜ መቁጠር ቀርቶ ምርመራው እውነተኛ ይሁን። ፍሬኑ የማይዝ፣ ጭሱ ያለፈ መኪና የሦስት ዓመትም ይሁን የሠላሳ ከመንገድ ይውጣ።

ሦስተኛ፣ እገዳው ከመተኪያው አይቅደም። ለተራራ የሚሆን ኤሌክትሪክ ፎር ዊልና ቻርጅ ማድረጊያው ወረዳ እስኪደርስ ድረስ፣ ጤና ጣቢያ፣ ማኅበርና የገጠር ትራንስፖርት በነዳጅ ፎር ዊል እንዳይቸገሩ የሚከፈት በር ያስፈልጋል።

አራተኛው ከሁሉም በፊት የሚቀድም ነው፦ መንገዱ። ጠጠሩ በየክረምቱ ካልተጠገነ የጀርመኑም፣ የጃፓኑም፣ የቻይናውም መኪና እኩል ይሰምጣል።

የቦሌው ወጣት መኪናውን ይውደድ። ተቃዋሚውም ስለ ጭሱ ይቆጣ። ሕግ የሚጽፈው ባለሥልጣን ግን ቀጣዩን ሠንጠረዥ ከማውጣቱ በፊት በሐምሌ አንድ ጊዜ ከነፋስ መውጫ ወደ ወገዳ ይሂድ። በየትኛው መኪና እንደሚሄድ ሾፌሩን ይጠይቅ። ሾፌሩ ሲሲ አይነግረውም፤ የተሠራበትንም ዓመት አይነግረውም። «አራቱም ጎማ ይይዛል ወይ?» ብሎ ነው የሚጠይቀው።